ጥፋቱ የምላሷ አልነበረም



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልጆች ጥርስ ነው። "ኡስታዝን ደግሞ ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ እኔም እስከ አምና ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። በአንዲት ልጅ ላይ የሠራሁት ስሕተት ነው ያስተማረኝ። ስሕተቴን ደብቄ ምክሩን ብቻ መጻፍ እችል ነበር። ግን ከእናንተ መካከል ታናናሾች ያሏችሁ፣ ገና ጎጆ የወጣችሁ፣ በየመድረሳው ሕፃናት የምታቀሩ ብዙ ናችሁ። እኔ የገባሁበት እንዳትገቡ ሁሉንም እንደነበረ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ነገሌ ቦረና ነው። በአንድ መስጂድ ኢማሙን አግዛለሁ፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ደግሞ ሕፃናትን አቀራለሁ። ነገሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ምንጣፍ ላይ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ሶማሊኛ የሚናገርና አማርኛ የሚናገር ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሶማሊኛ ተናጋሪው "ዓይን"ንና "ሐ"ን ከእናቱ ቤት ይዟቸው ይመጣል፤ ሌሎቹ ለወራት ይታገሏቸዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ፊደል ሲሳሳት ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ይመስለኝ ነበር፤ ወይ የቤቱ ቋንቋ ነው፣ ወይ ስንፍና ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ መደጋገም ነው እል ነበር።

ልጅቷ 8 ዓመቷ ነው። ስሟን አልጠራም። ሱረቱ-ን-ናስን እያስደገምኳት ነበር። ይህች ሱራ ሕፃናት መጀመሪያ ከሚይዟቸው አንዷ ናት። 6 አንቀጾች አሏት፤ ስድስቱም የሚያልቁት በ"ሲን" ነው። ሲን የፉጨት ድምፅ ያላት ፊደል ናት። የልጅቷ ሲን ግን አትፏጭም። ምላሷ በጥርሶቿ መካከል ሾልኮ ይወጣና "ሣእ" ይሆንባታል። ስድስት አንቀጽ፣ ስድስት ስሕተት። "ድገሚ" አልኳት። ደገመች፤ ያው ነው። "ምላስሽን ወደ ውስጥ መልሺ!" ብዬ ጮኽኩባት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደግም ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እሷን አስመስሎ አነበበ። ምንጣፉ በሙሉ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ያኔ ልጁን መገሠጽ ነበረብኝ። አልገሠጽኩትም። እንዲያውም ፈገግ አልኩ። እሷም ፈገግታዬን አየች። አንገቷን ደፋችና አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። "ጣትሽን አውጪ! ሕፃን ነሽ እንዴ?" አልኳት። በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም።

በአምስተኛው ቀን አያቷ መስጂዱ በር ላይ ጠበቁኝ። በእኛ አካባቢ በኦሮምኛ ሴት አያትን "አኮ" ነው የምንለው። አኮ ቁጣ አላሳዩም። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ ቁርኣን አልቀራም አለች። ምን ሆናብህ ነው?" አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እሳቸው ግን ጥፋቱን በልጅቷ ላይ አድርገው ይነግሩኝ ጀመር። "ጣቷን አልተው አለችን። በርበሬ ቀባንላት፣ ሬት ቀባንላት፣ በጨርቅም አሰርንላት። ታጥበውና መልሳ ትጠባዋለች። አንድ ቀን በርበሬው ዓይኗ ገብቶ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ለቅሶዋንም ያባበለችው በዚያው ጣቷ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም እናቷ ወደ ሳዑዲ የሄደችው ልጅቷ 3 ዓመት ሲሆናት መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ በፊት የምትጠባው ሲያንቀላፋት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀንም ዝም ብላ በተቀመጠች ቁጥር ነው።

ልጅቷን በሌላ ቀን ቤታቸው ሄጄ አየኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። ስታወራኝ አፏን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተመለከትኩ። የኋላ ጥርሶቿ ይገጥማሉ። የፊቶቹ ግን አይገናኙም። በላይኞቹና በታችኞቹ መካከል ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም ልክ የአውራ ጣቷን ቅርጽ የያዘ ነው።

አላህ ይማረኝ፣ እኔ ተጅዊድ ተምሬአለሁ። የ32ቱንም ጥርስ የዐረብኛ ስም በቃሌ አውቃለሁ፤ ሠናያ 4፣ ረባዒያት 4፣ አንያብ 4፣ አድራስ 20። በ833 ሒጅሪ ያረፉት ታላቁ የቂርኣት ዓሊም ኢብኑል ጀዘሪ የፊደላትን መውጫ 17 አድርገው እንደመደቧቸውም አስተምራለሁ። ሲን የምትፏጨው አየሩ በላይኞቹና በታችኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ሲያልፍ መሆኑን ስንቴ አስረድቻለሁ! መንገዷ ጠባብ ካልሆነችስ? በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ከሆነስ? ምላስ ክፍቱን ሊደፍን ወደ ፊት ይወጣል፤ ሲንም ሣእ ትሆናለች። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። የልጅቷን አፍ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጥርስን በኪታብ እንጂ በልጅ አፍ ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ከአኮ ጋር ተስማምተን ልጅቷን ወደ ጥርስ ሕክምና ወሰድናት። ያየን ባለሙያ ትዕግሥተኛ ወጣት ነበር። ብዙ ጠየቅኩት፤ ሳይሰለች መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ጉዳዩን አነበብኩ፣ ሌሎች ባለሙያዎችንም ጠየቅኩ። የተረዳሁትን እንደሚከተለው ላካፍላችሁ።

*ጣት እንዴት ጥርስንና መንጋጋን ይቀይራል?*

አብዛኞቻችን አጥንት እንደ ድንጋይ ይመስለናል። የልጅ መንጋጋ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕያው ነገር ነው። በእኛ ቆላ የአርብቶ አደሩን ጎጆ ሲሠሩ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እርጥቡን እንጨት በኃይል ቢያጥፉት ይሰበራል። ቀስ ብለው ጎንበስ አድርገው አስረው ከተዉት ግን ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የጥርስም ነገር እንዲሁ ነው። ጥርስን ከቦታው የሚያንቀሳቅሰው የአንድ ጊዜ ትልቅ ግፊት ሳይሆን ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ትንሽ ግፊት ነው። ሐኪሞች ጥርስ በሽቦ የሚያስተካክሉትም በዚሁ መንገድ ነው።

አውራ ጣት አፍ ውስጥ ሲገባ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ይከሰታል።

አንደኛ፣ የላይኞቹን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ይገፋል። ሰዎች "ገጣጣ" የሚሉት ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ወደ ምላስ በኩል ይጫናል።

ሦስተኛ፣ ጣቱ መሃል ላይ ስለሚቆም የፊት ጥርሶች እንዳይወርዱና እንዳይወጡ ያግዳቸዋል። የኋላዎቹ ግን እድገታቸውን ይቀጥላሉ። አፍ ሲገጠም ከፊት የሚቀረው ክፍተት የሚመጣው እንዲህ ነው። የልጅቷም ክፍተት ይኸው ነበር።

አራተኛው የማይታየው ነው። ምላስ በጤናው ጊዜ ላንቃ ላይ ተለጥፎ የላይኛውን መንጋጋ ከውስጥ ይደግፋል። ጣት ሲገባ ምላስ ይወርዳል። ልጁ ሲስብ ደግሞ ጉንጮቹ ከሁለት በኩል ወደ ውስጥ ይጫናሉ። ከውስጥ ድጋፍ የለም፣ ከውጭ ግፊት አለ፤ ስለዚህ የላይኛው መንጋጋ እየጠበበ ይሄዳል። በመጨረሻም የላይኞቹ የጎን ጥርሶች ከታችኞቹ በውስጥ በኩል ይገጥማሉ።

ታዲያ ጣቱን የጠባ ልጅ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። የሚወስነው ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት ዓመትና በምን ያህል ኃይል። ጣቱን አፉ ውስጥ አስቀምጦ ብቻ የሚተኛ ልጅና ድምፅ እያሰማ የሚስብ ልጅ እኩል አይደሉም። ባለሙያዎች እንደሚሉት ጥርስን ለማንቀሳቀስ ግፊቱ በቀን ወደ 6 ሰዓት ገደማ መቆየት አለበት። ለዚህ ነው የሌሊቱ ከቀኑ የሚከፋው። ደግሞም የገጠጠ ጥርስ ሁሉ ከጣት የመጣ አይደለም። ከእናት ከአባት የሚወረስ የመንጋጋ ቅርጽ አለ፤ በአፍ የመተንፈስ ችግርም አለ። ስለዚህ አንድ ሰው አይታችሁ "በልጅነቱ ጣት ጠብቶ ነው" ብላችሁ አትፍረዱ።

*ጊዜው መቼ ነው?*

ይህን ክፍል በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሕፃን ጣት የሚጠባው ስላልተቀጣ አይደለም። በእናቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ይታያል። መጥባት አላህ ከሰጠው የመኖሪያ ስጦታዎቹ አንዱ ነው፤ ያለ እሱ ጡት አይዝም ነበር። በአንድ ዓመቱና በሁለት ዓመቱ ጣቱን የሚጠባ ልጅ ሕመምተኛም ባለጌም አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ በራሳቸው ይተዉታል።

20ዎቹ የወተት ጥርሶች በ3 ዓመት ገደማ ተሟልተው ያልቃሉ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይወጣሉ፤ ከታች ይቀድማሉ፣ ላይኞቹ ይከተላሉ። እንግዲህ ልጁ ቋሚዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ጣቱን ከተወ የፊቱ ክፍተት ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። የመንጋጋ መጥበቡ ግን እንደ ፊቱ ክፍተት በቀላሉ አይመለስም። ቋሚዎቹ ወጥተውም ልማዱ ከቀጠለ ለውጡ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ያኔ አፍ ውስጥ የሚገጠም መሣሪያ ወይም ሽቦ ሊያስፈልግ ነው። ይህን የሚሠሩት ስፔሻሊስቶች ደግሞ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከነገሌ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ። ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ በየወሩ መመላለሱ... አቅማችንን እናውቀዋለን። ለእኛ ለቆላ ከተሞች ልጆች ቀድሞ መጠንቀቅ ከሌላው በላይ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ውጭ የወጡ የፊት ጥርሶች ልጅ ሲወድቅ ቶሎ ይሰበራሉ። የእኛ ልጆች ደግሞ ድንጋይ ላይ ነው ኳስ የሚጫወቱት።

*የጎማው ማባበያስ?*

የልጅቷን ጉዳይ ጨርሼ ቤቴ ስገባ የሁለት ዓመት ልጄ የጎማ ማባበያዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ተቀበለችኝ። አክስቷ ከጂዳ ስትመጣ ሦስት አምጥታላታለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማባበያውን ከሁሉም በላይ የምወደው እኔ ነበርኩ። ኪታብ ሳነብ ዝም ታሰኝልኛለች። ስታለቅስ ምን ፈልጋ እንደሆነ መጠየቅ ትቼ ነበር፤ ማባበያውን አፏ ላይ መሰካት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ማባበያ ከጣት ጋር ሥራው አንድ ነው። እንዲያውም የላይኛውን መንጋጋ በማጥበብ በኩል ማባበያ የበለጠ ይጠቀሳል። በአንድ ነገር ግን ይሻላል፤ ማባበያን መጣል ይቻላል፣ ጣትን ግን ከእጅ ነጥሎ መጣል አይቻልም። ሚዛናዊ ለመሆን ይህንንም ልንገራችሁ፦ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመት ሲተኙ ማባበያ ቢሰጣቸው በእንቅልፍ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ሞት እንደሚጠብቃቸው ይናገራል። ስለዚህ ማባበያ ሐራም ነው የሚል ሰው እንዳልሆን። ችግሩ ቀኑን ሙሉ አፍ ውስጥ መቆየቱና ዓመታት ማስቆጠሩ ነው። ለጥርስ ሲባል ከ3 ዓመት ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በፊት ቢቀር ደግሞ የተሻለ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ሁለት ተጨማሪ አደጋ አለ። አንዱ ውኃ ነው። ድርቅ ሲሆን ውኃ በጀሪካን ተገዝቶ በሚጠጣበት ቤት፣ አቧራ ላይ የወደቀን ማባበያ በልብስ ጠርጎ መልሶ ለሕፃኑ መስጠት ተቅማጥን መጋበዝ ነው። ሌላው ጣፋጭ ነው። ማባበያን ስኳር ወይም ማር ውስጥ ነክሮ መስጠት የወተት ጥርስን ያበሰብሳል። ማር መድኃኒት መሆኑን እናምናለን፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተሕዋስ በሕፃኑ አንጀት አድጎ ጡንቻን የሚያልፈሰፍስ መርዝ ያመነጫል። ዓመት ካለፈው በኋላ ያ አደጋ ይቀንሳል።

ለጥርስም ለመንጋጋም ከሁሉ የሚሻለው ጡት ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ምላሱንና መንጋጋውን የሚያሠራው ከጡጦ በተለየ መንገድ ነው፤ በቂ ጊዜ ጡት የጠቡ ልጆች ላይ የጥርስ አለመግጠም ያነሰ ሆኖ ይታያል። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ጡት ማጥባትን ማሟላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሆነ ተነግሮናል። የዓለም ጤና ድርጅትም የመጀመሪያውን 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይላል። ድርጅቱና ዩኒሴፍ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሆስፒታሎች ባወጡት የጡት ማጥባት መርሐ ግብር ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ማባበያ እንዳይሰጥ መክረው ነበር። በ2018 ሲያሻሽሉት ደግሞ እናቶች ስለ ማባበያው ጉዳት እንዲመከሩ አድርገውታል።

የእኛን ቤት ማባበያ ባለቤቴ ቀስ በቀስ ነው ያስቀረችው፤ መጀመሪያ የቀኑን፣ ቀጥሎ የሌሊቱን። ሦስት ሌሊት አለቀሰች። ሦስቱንም ሌሊት አቅፌ የዞርኩት እኔ ነኝ። ዕዳዬ ነበራ!

*ያልጠበቅነው ነገር*

ባለሙያው የልጅቷን አፍ ሲያይ አንድ ነገር ጠየቀ። "እነዚህ ሁለት የታች ክራንቻዎች የት ሄዱ?" አለ። አኮ ጥቂት ዝም ብለው "ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ይዟት ግጓን አስወጣናት" አሉ። ግግ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ያበጠው ነገር ነው ያሳመመው ተብሎ በስለት ይወጣል። ያ ያበጠው ነገር በሽታ አይደለም፤ ገና ያልወጣው ክራንቻ ጥርስ ነው። ስለቱ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፣ ሕፃን ይገድላል፤ ከሥር የተቀመጠውን ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ተቅማጡም አይድንም፤ ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. እና ጤና ጣቢያ ነው መፍትሔው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የወተት ጥርስ ማውጣትን እንጥል ከመቁረጥ ጋር በስም ጠቅሶ ከጎጂ ልማዶች ይመድበዋል።

እስቲ አስቡት። በስድስት ወሯ ያልታመመ ጥርሷን በችኮላ አወጣንባት። ከ3 ዓመቷ እስከ 8 ዓመቷ ግን የጥርሷን ነገር ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በመጨረሻ በሲን ሳቅንባት። አኮን ለመውቀስ አይደለም፤ እሳቸው የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። እኔ ግን አውቃለሁ እያልኩ ነው ያላየሁት።

*ምን እናድርግ?*

ከባለሙያዎች የሰማሁትንና በልጅቷ ላይ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

1. ከ3 ዓመት በታች ከሆነ አትታገሉት። ጣቱን ሲያስገባ እጁን የሚይዝበት ነገር ስጡት፣ አጫውቱት። ጡት፣ እቅፍና እንቅልፍ በቂ ካገኘ አብዛኛው በራሱ ይተዋል።

2. ማባበያ ከሆነ እስከ 3 ዓመት አስቀሩት። መጀመሪያ የቀኑን፣ ከዚያ የሌሊቱን።

3. ከ4 ዓመት በላይ ከሆነ መቼ እንደሚጠባ ለአንድ ሳምንት አስተውሉ። ሲርበው ነው? ሲፈራ ነው? ቴሌቪዥን ሲያይ ነው? እናቱን ሲናፍቅ ነው? ምክንያቱን ሳትነኩ ጣቱን ብትነኩ ትርፉ ልቅሶ ነው።

4. በርበሬ፣ ሬት፣ ማሰር፣ መምታት፣ ማሾፍ ተዉ። ልጁ ጣቱን የሚጠባው ለመረጋጋት ነው። ስታስፈሩት መረጋጋት የበለጠ ያስፈልገዋል፤ ከጣቱ ሌላ ደግሞ ምንም የለውም። በርበሬ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰውን መታመንም ያሳጣል።

5. ልጁን አጋር አድርጉት። በመስታወት ጥርሱን አሳዩት። ጓንት ወይም ካልሲ እጁ ላይ አድርጎ እንዲተኛ ራሱ ይምረጥ፤ በግድ አይሁን። ያልጠባበትን ቀን አመስግኑት፤ የጠባበትን ቀን እለፉት።

6. ከ6 ዓመት በላይ ሆኖ ካልተወ፣ ወይም ጥርሱ ካልገጠመ፣ ወይም ንግግሩ ከተለወጠ ወደ ጥርስ ሐኪም ውሰዱት። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" አትበሉ፤ መንጋጋው አይወድቅም።

ሚስዋክ ወይም በሶማሊኛ ዐደይ የምንለውን ስናስለምዳቸው ደግሞ አፋቸውን የማየት ልማድ ለራሳችንም እናድርግ። በሳምንት አንድ ቀን "እስቲ አፍህን ክፈት" ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

*ከጂዳ የመጣው ጥያቄ*

አንድ ምሽት አኮ ስልካቸውን ይዘው መጡ። የልጅቷ እናት በኢሞ ልታነጋግረኝ ትፈልጋለች። ሰላምታ ተለዋወጥንና ዝም አለች። ከዚያ "ኡስታዝ፣ ጥርሷ እንዲህ የሆነው እኔ ስለሄድኩ ነው?" አለችኝ።

ምን ልበላት? ጥያቄው ቀላል አይደለም። እሷ በምትልከው ገንዘብ ነው ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ልጅቷ የምትማረው። በድርቁ ጊዜ ከብቶቹ ሲያልቁ ቤተሰቡን ያቆመችው እሷ ናት። "አይደለም" ብላት ውሸት ይሆናል፤ "አዎ" ብላትም ሌላ በደል። "እህቴ፣ ጣቷ አንቺን ነው የተካው። አሁን ግን ከጣቷ የሚሻል ነገር ከአንቺ ማግኘት ትችላለች" አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማታው ከመተኛቷ በፊት ትደውላለች። የሥራዋ ሰዓት ሲከለክላት ድምፅ ቀድታ ትልካለች። አኮም ልጅቷን ከጎናቸው ማስተኛት ጀመሩ። ይህ ከበርበሬው የበለጠ ሠራ።

እኔም የበኩሌን አደረግኩ። አሮጌ ሎሕ ሰጠኋትና ጣቷን ሳትጠባ ባደረች ቁጥር ጀርባው ላይ አንድ መስመር በከሰል እንድታሰምር ተስማማን። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ስለ ሌሎቹ አምስት ሌሊቶች አልጠየቅኳትም።

ወደ መድረሳ በተመለሰች ቀን በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። የሳቀውም ልጅ ጠየቃት። ኡስታዝ በደረሳ ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል የሚል ካለ፣ አነስ ኢብኑ ማሊክ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን "ኡፍ" እንዳልተባሉ ያስታውስ። ቁርኣን እየከበደውና እየተንተባተበ ለሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው የሚናገረውን ሐዲሥም ለልጆቹ ነገርኳቸው። ይህን ሐዲሥ ከዚያ በፊትም አስተምሬዋለሁ። ለእሷ ግን አላስታወስኩትም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናንተ ለወጣቶቹ። "ገጣጣ" የምትሉት ጓደኛ ያላችሁ አላችሁ። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራት ተከልክሏል። ያ ጥርስ ከወላጅ የተወረሰ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በልጅነቱ ማታ ማታ ብቻውን ያሳለፈው ነገር ምልክት ሊሆን ይችላል። አታውቁትም። ጥርሳችሁ እንደዚያ የሆነ ወጣቶች ካላችሁም፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን ጥርሱን ማስተካከል ይችላል፤ ካልተስተካከለም ምንም ነውር የለበትም።

ልጅቷ አሁን 9 ዓመት ሞልቷታል። ከሎሑ ጀርባ ቦታ አልቋል። ለወራት ጣቷን አልጠባችም። ክፍተቱ ጠቧል፤ አልተዘጋም። ባለሙያው እንዲከታተላት ቀጠሮ አላት፤ ምናልባት አንድ ቀን አዲስ አበባ መሄድ ይኖርባታል። ለዚያ ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ እያጠራቀምን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሱረቱ-ን-ናስን ቀራችልኝ። ከስድስቱ ሲን አራቱ ፏጩ። ሁለቱ አሁንም ሣእ ናቸው። "ባረከላሁ ፊኪ" ብዬ ወደሚቀጥለው አሻገርኳት።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ሳናውቅ ያጠፋነውንም ይማረን። ወሏሁ አዕለም።